ማደሪያ ያጣ ወንዝ

ሚያዝያ ነው፤ ቅዳሜ ጧት። ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ሃሪየት አይላንድ የሚባለው መናፈሻ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆመናል። ጥግ ላይ ተቆልሎ የከረመው በረዶ ከሰል መስሎ ጠቁሯል፤ ከሥሩ እየተንጠባጠበ ወደ ሚሲሲፒ ይወርዳል። ሦስት ነን። መሪው ላይ ያሉት ጋሼ ናቸው፤ በዚህ ከተማ ታክሲም አውቶቡስም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የእድራችን ሊቀመንበር። ከጎናቸው የእህታቸው ልጅ አለች፤ እንጀራዋ ከውሃ ጋር ነው፤ ዝናብ ከመንገድ ጠርጎ ወደ ወንዝ የሚያስገባውን እየቀዳች ትለካለች። እኔ የቡናውን ቴርሞስ ይዤ ከኋላ ነኝ።

የመጣነው መጋዘን ልናይ ነው። እድሩ አዳራሽ ይፈልጋል፤ ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለልጆች የፊደል ትምህርት። ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ አንድ አሮጌ መጋዘን በደህና ዋጋ ተገኝቷል። ለምን ረከሰ ብሎ የጠየቀ ግን እስካሁን አልነበረም። የተባባሉትን እንደሰማሁት ጽፌዋለሁ።

አጎት፦ እስቲ ከዚህ ሆናችሁ እዩት። መሀል ከተማው በድልድይ አምስት ደቂቃ ነው። መኪና ማቆሚያው ሰፊ፣ ጣራው ደህና። በዚህ ዋጋ ሌላ ሰፈር ጋራዥ እንኳ አይገኝም።

ልጅት፦ ጋሼ፣ መጋዘኑ ይቆየንና መጀመሪያ ወንዙን ይዩልኝ።

አጎት፦ ወንዙን ሠላሳ ዓመት አየሁት እኮ!

ልጅት፦ ዛሬ የት እንደደረሰ ነው የምልዎት። ያ አግዳሚ ወንበር እግሩ ውሃ ውስጥ ነው።

አጎት፦ ሚያዝያ ነዋ። በረዶው ሲቀልጥ ይሞላል፤ ግንቦት ላይ ይጎድላል። የእኛ ወንዝ በነሐሴ እንደሚያደርገው ነው። ምን አዲስ ነገር አለው?

ልጅት፦ አዲስ ነገር የለውም፤ ችግሩም እሱ ነው። እዚህ የወንዙን ከፍታ የሚለኩት በጫማ ነው። 14 ጫማ ላይ ሲደርስ ሙላት ጀመረ ይባላል። በፈረንጆች 1965 ሚያዝያ ላይ 26 ጫማ ደረሰ፤ ቀኑ የፈረንጆቹ ስቅለት ነበር። ከሙላቱ መነሻ በላይ ሌላ 12 ጫማ ማለት፣ አንድ ሙሉ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም ማለት ነው።

አጎት፦ በ1965 እኔ ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ። የድሮ ወሬ ታወሪኛለሽ።

ልጅት፦ በ2001ም 23 ጫማ አልፏል። በ2024 ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከ20 በላይ ነበር። ያን ጊዜ የሚቀልጥ በረዶ አልነበረም፤ ዝናብ ብቻውን ያመጣው ነው። ይህ የቆምንበት መናፈሻ ውሃ ውስጥ ነበር።

አጎት፦ የባንኩ ሰው ግን “የመቶ ዓመት ጎርፍ” ነው ያለኝ። በመቶ ዓመት አንዴ ከመጣ እኔ አልኖርም፣ አንቺም አርጅተሻል።

ልጅት፦ ስሙ ነው ያሳሳትዎት። በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በያንዳንዱ ዓመት ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። ዕጣው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይወጣል። እድሩ ለስንት ዓመት ነው የሚበደረው?

አጎት፦ ለሠላሳ።

ልጅት፦ እንግዲያው ሠላሳ ጊዜ ዕጣ ሲወጣ፣ ቢያንስ አንዴ የመድረሱ ዕድል ከመቶ 26 ነው። ከአራት አንድ ይበሉት።

አጎት፦ የእድርን ሰው በከአራት አንድ ልታስፈራሪ ነው? እኛ የተሰበሰብነው አራቱም እንደሚሞቱ አውቀን ነው።

(ልጅቱ ሳቀች። እኔም ቡና ቀዳሁ።)

አጎት፦ ደግሞ ግንብ አለው። ያውና፣ አይታይሽም? ውሃው እንዳይሻገር የተሠራ ግንብ።

ልጅት፦ መቼ እንደተሠራ ያውቃሉ?

አጎት፦ ግንቡን አላውቅም። ከግንቡ በፊት የነበረውን ግን አውቃለሁ። አውቶቡስ ስነዳ የሜክሲኮ ዘር የነበረ ባልደረባ ነበረኝ፤ ነፍሱን ይማረው። በዚህ ባለፍን ቁጥር አንዱን መጋዘን በጣቱ እያሳየ “ያ የእናቴ ማድ ቤት ነው” ይለኛል። የሚቀልድ ነበር የመሰለኝ። ለካስ ይህ ሜዳ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነበር። መጀመሪያ ከምሥራቅ አውሮፓ የሸሹ አይሁዶች ሰፈሩበት፤ ኋላ ሜክሲኮዎች መጡ። በየጸደዩ ውሃ ይገባባቸዋል። ዕቃቸውን ከፍ ከፍ አድርገው ይሰቅላሉ፤ ሲጎድል ጭቃውን ጠርገው ይመለሳሉ። በ1952 ግን ክፉኛ ሞላ። ቆይቶ “ሰፈሩ አይረባም፣ ውሃ ይበላዋል” ተባለና ተነሡ ተባሉ።

ልጅት፦ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው የፈረሰው። ከ400 በላይ ቤት፣ ከ2,000 በላይ ሰው። ግንቡ ያለቀው በ1964 ነው።

አጎት፦ ቆይ፤ ሰዎቹ ከተነሡ በኋላ?

ልጅት፦ ከተነሡ በኋላ። መሬቱ የኢንዱስትሪ መንደር ሆነ፤ ግንቡ የተሠራው እሱን ሊጠብቅ ነው። በዓመቱ የ1965ቱ ሙላት መጣ። ግንቡ ያዘ፤ መጋዘኖቹ ዳኑ።

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ብዙ ጊዜ እንደዚህ የሚያደርጉት ለቅሶ ቤት ነው።

አጎት፦ ይህን እኮ አልነገረኝም። ቤታችን ፈረሰ ነው ያለኝ እንጂ፣ ግንብ ሊሠራለት የሚችል መሬት እንደነበረ አልነገረኝም። ወይ እሱም አላወቀው ይሆናል።

ልጅት፦ ማዶውንም ይዩ፤ ከድልድዩ በላይ፣ እነዚያ የቀይ ጡብ አፓርታማዎች። እዚያ ጣሊያኖች ነበሩ። ከ1952ቱ ሙላት በኋላ እነሱም ተነሡ፤ መሬቱ የቁርጥራጭ ብረት መከመሪያ ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ አፈር ተሞልቶ ከሙላቱ በላይ ከፍ ተደረገና ወንዝ የሚያሳይ ቤት ተሠራበት።

አጎት፦ ለድኻ ዝቅ ያለው መሬት ለሀብታም ቀና አለ በይኛ።

ልጅት፦ ሚኒያፖሊስም ያው ነው። ሲዳር ሪቨርሳይድ ላይ የእኛም የሶማሌውም የኦሮሞውም ሰው የሚኖርባቸውን ረጃጅም ፎቆች ያውቋቸዋል። ከእነሱ ገደል በታች፣ ወንዙ ዳር ያለው ሣር ቦሂሚያን ፍላትስ ይባላል። በ1900 አካባቢ ከሺህ በላይ ሰው ነበረበት፤ ስሎቫክ፣ ቼክ፣ ስዊድን። ወንዙ በየጸደዩ ቤታቸው ይገባል፤ እነሱ በጀልባ ይወጣሉ። በ1920ዎቹ ከተማው አነሣቸው። በ2007 ነሐሴ ላይ የ35 ደብሊው ድልድይ ሲወድቅ፣ ከውሃ የወጣው ብረት ተዘርግቶ የተመረመረው እዚያው ሣር ላይ ነው።

አጎት፦ የድልድዩን ቀን አትንገሪኝ። 13 ሰው ነው የሞተው። እኔ ከአንድ ሰዓት በፊት ተሻግሬው ነበር።

ልጅት፦ ከሁሉም በፊት ደግሞ ዳኮታዎቹ አሉ። ሚኒሶታ ወንዝ ከሚሲሲፒ የሚገናኝበትን ቦታ ብዶቴ ይሉታል፤ የተፈጠርንበት ነው የሚሉ አሉ። በ1862 ከተደረገው ጦርነት በኋላ 1,600 ያህል ሰው፣ አብዛኛው ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ፣ ክረምቱን ሙሉ የታጎረው እዚያው ከፎርት ስኔሊንግ ሥር፣ ወንዙ ዳር ባለው ረግረግ ላይ ነው።

አጎት፦ እንግዲህ ወንዝ ዳር ማለት የተጣለ የሚቀመጥበት ነው።

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገባሁ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ትውልዴ ከአባይ ማዶ ነው።

እኔ፦ “አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል” ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ሁልጊዜ ወንዙን የሚያሽሟጥጥ ይመስለኝ ነበር።

ልጅት፦ ይህኛው እኮ ማደሪያ ነበረው! ወንዝ በበጋ የሚሄድበት ቦይ አለ፤ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ ደግሞ አለ። ሜዳው የወንዙ መኝታ ነው። ውሃው እዚያ ሲተኛ ፍጥነቱ ይበርዳል፣ ደለሉን ያራግፋል፣ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል። መኝታውን በግንብ ስንዘጋበት ከፍ ብሎና ፈጥኖ ወደሚቀጥለው ሰፈር ይሄዳል። ሙላቱ አልጠፋም፤ ለጎረቤት ተላከ።

አጎት፦ እኔ ደግሞ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ኳስ የተጫወትነው እዚያ፣ ገበያው የሚዘረጋው እዚያ፣ ግመል የሚያርፈው እዚያ። ውሃ የሌለበትን ወንዝ ማን ወንዝ ይለዋል? በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት፣ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ዝናብ ሰው በተኛበት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። እኔ እዚህ ታክሲ ላይ ሆኜ በስልክ ነው የሰማሁት። ሌሊቱን መንገደኛ ስጭን አደርኩ፤ የት እንዳደረስኳቸው ግን አላስታውስም።

(ማንም አልተናገረም። ጭነት የያዘ ጀልባ ሲያልፍ ማዕበሉ የወንበሩን እግር መታ።)

ልጅት፦ ድሬዳዋ ላይ ውሃው በደቂቃ ነው የደረሰው። እዚህ ቢያንስ በረዶው ስንት እንደሆነ ይለካል፤ ሙላቱ ከሳምንት በፊት ይነገራል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን እዚህም ድንገት የሚመጣ አለ፤ ገደሉ። እነዚህ አፋፎች ከላይ ኖራ ድንጋይ፣ ከታች የሚፈርስ አሸዋ ድንጋይና ሸክላ ናቸው። ዝናብ ሲጠግቡ ይናዳሉ። በ2013 ግንቦት ላይ እዚህ ሊሊዴል መናፈሻ ውስጥ አፋፉ ተንዶ ለትምህርት ጉብኝት የመጡ ሁለት ልጆች ሞተዋል። በዓመቱ ሰኔ ላይ ደግሞ ሚኒያፖሊስ፣ ያው ሲዳር ሪቨርሳይድ አጠገብ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ገደል ወርዶ የወንዝ ዳሩን መንገድ ደፍኖታል።

አጎት፦ እሺ፣ ውሃውን ሰማሁ። መሬቱስ? መሬቱ ንጹሕ ከሆነ ወለሉን ከፍ አድርገን እንሠራለን።

ልጅት፦ መሬቱ? ጋሼ፣ ሰው ሲነሣ በምትኩ ምን ይገባል?

አጎት፦ ቆሻሻ።

ልጅት፦ ከዚህ ትንሽ ወረድ ብሎ ፒግስ አይ አለ። የሴንት ፖል የመጀመሪያ ስሟ ነው፤ ፒየር ፓራንት የሚባል አንድ ዓይኑ የጠፋ አረቄ ሻጭ ነበር፤ “የአሳማ ዓይን” ይሉታል፤ ከተማዋም በሱ ተጠራች። በ1841 ቄስ ጋልቲየር ለቅዱስ ጳውሎስ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ስሟን ባያስለውጡ ኖሮ ዛሬ እርስዎ የአሳማ ዓይን ነዋሪ ነበሩ።

አጎት፦ ለእድር ማኅተም አይመችም ነበር።

ልጅት፦ እዚያ ረግረግ ላይ ከ1956 እስከ 1972 የከተማው ቆሻሻ ተጣለ። የቤቱም፣ የፋብሪካውም። ያለ ፈቃድ ከተከመሩት በክፍለ ግዛቱ ትልቁ ነው። ወንዙ ሲሞላ ውሃው ይነካዋል፤ አንድ ጅረት ደግሞ መሀሉን ሰንጥቆ ወደ ፒግስ አይ ሐይቅ ይገባል። አጠገቡ ደሴት ላይ ሽመላዎች ጎጆ ሠርተው ይፈለፍላሉ።

አጎት፦ ቆሼን አስታወስሽኝ። መጋቢት 2009 ዓ.ም። የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ ጨረሰ። ያ እንኳ ከላይ ነው የመጣው፤ ይህ ከሥር ነው የሚመጣው። የትኛው ይሻላል ልበል?

ልጅት፦ ከቆሻሻው ወረድ ብሎ ደግሞ የፍሳሽ ማጣሪያው አለ። ስለሱ ክፉ አልናገርም፤ ወንዙን ከሞት ያስነሣው እሱ ነው። ከዚያ በፊት የሁለቱ ከተሞች፣ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል፣ ሽንት ቤት፣ የበሬ ማረጃው ደም፣ ሁሉም በቀጥታ ወንዝ ይገባ ነበር። በ1917 ፎርድ ግድብ ተሠራ፤ በ1930 ሄስቲንግስ ላይ ሌላ። መርከብ እንዲያልፍ ተብሎ ነው። የሚሄድ ውሃ ቆመ፤ ቆሻሻውም አብሮ ቆመ። ከሥሩ ጋዝ እየፈላ፣ ላዩ ላይ ምንጣፍ የሚያህል ጭቃ ይንሳፈፍ ነበር። ዓሣውም አለቀ።

አጎት፦ ይህ የቆምንበት መናፈሻ እንኳ አንዴ መዋኛ ነበረው ይላሉ።

ልጅት፦ ዶክተር ጀስተስ ኦሃጌ የሚባሉ የከተማው ጤና ሹም ደሴቱን በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው በ1900 ለሕዝብ ሰጡት፤ ድኻው የሚታጠብበትና የሚዋኝበት ሠሩለት። ሃያ ዓመት አልቆየም፤ ወንዙ ስለቆሸሸ ተዘጋ። ማጣሪያው የተከፈተው በ1938 ነው፤ ከሚሲሲፒ ትላልቅ ከተሞች ቀዳሚው። ዛሬ በቀን 170 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ያጣራል። ግን የዝናቡና የሽንት ቤቱ ቱቦ አንድ ስለነበረ፣ ኃይለኛ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ተቀላቅለው ወንዝ ይገቡ ነበር። ሁለቱን ለመለየት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ጎዳናው ሁሉ ተቆፈረ።

አጎት፦ እሱን አስታውሳለሁ! አገሩ ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ ነበር። ታክሲ ስነዳ ምን ያህል እንደረገምኳቸው…

ልጅት፦ የረገሙት ነው ዓሣውን የመለሰው። በ1987 ክንፍ ካወጣ በኋላ አንድ ቀን ያህል ብቻ የሚኖር አንድ ነፍሳት በገፍ ታየ። ንጹሕ የወንዝ ጭቃ ውስጥ ካልሆነ አይፈለፈልም፤ ለአሥርተ ዓመታት ጠፍቶ ነበር። ድልድይ ላይ እንደ በረዶ ተቆልሎ መኪና አንሸራተተ። ባለሙያዎቹ ግን ደስ አላቸው። ንስሮቹም ተመለሱ።

አጎት፦ ይኸው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በጾም ከዚህ ዓሣ አጠምዳለሁ። ዘንዶ የሚያክል ካርፕ ይወጣል።

ልጅት፦ (ፊቷን ወደሳቸው መለሰች) ይበሉታል?

አጎት፦ ለምን አልበላውም? “ጾም ላይ ዓሣ አይበላም” ብለሽ እንዳትጀምሪኝ።

ልጅት፦ እሱን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይጨርሱ። የእኔ ሌላ ነው። ለልጆች ይሰጧቸዋል?

አጎት፦ ለልጅ ልጆቼ ጠብሼ።

ልጅት፦ እባክዎ ይተዉት። ከሴንት ፖል እስከ ሄስቲንግስ ግድብ ባለው ወንዝ የተያዘ ዓሣን እርጉዞችና ሕፃናት እንዳይበሉ የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ይመክራል። ፒፋስ ነው ምክንያቱ፤ “የዘላለም ኬሚካል” የሚሉት። ዘይትም ውሃም አያስነካም፣ እሳትም አይበግረውም፤ ለዚህም ነው መጥበሻ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ የእሳት አደጋ አረፋ ላይ የገባው። ዝናብም አያፈርሰውም፣ ማጣሪያውም አይገድለውም። ሥሪ ኤም ኩባንያ ለአሥርተ ዓመታት ኮቴጅ ግሮቭ ላይ ሠርቶታል፤ ተረፈው ምሥራቅ ባሉት ከተሞች፣ ኦክዴልና ዉድበሪ፣ ተቀበረ። የከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ገባ። በ2018 ክፍለ ግዛቱ የመሠረተው ክስ በ850 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ።

አጎት፦ ሕግ ወጥቷል ሲሉም ሰምቻለሁ። “የአማራ ሕግ” ሲሉ ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ከአገር ቤት ወሬ መስሎኝ ድምፁን ጨመርኩት።

ልጅት፦ አማራ ስትራንዲ የልጅቷ ስም ነው። ያ የተበከለው አካባቢ ልጅ ናት። የጉበት ካንሰር ይዟት፣ ድምፅዋ እየደከመ ምክር ቤት እየቀረበች መሰከረች። በ2023 ሚያዝያ በሃያ ዓመቷ አረፈች፤ ሕጉ የጸደቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከ2025 መባቻ ጀምሮ ሆን ተብሎ ፒፋስ የገባባቸው መጥበሻና ምንጣፍን የመሰሉ ዕቃዎች እዚህ አይሸጡም።

አጎት፦ ነፍሷን ይማር። ስሟን በትክክል ልያዘው፤ ስትራንዲ።

እንደገና ዝም አሉ። ከዚያ ጋሼ ከመኪናው ወርደው ወደ ኋላ ዞሩና የዕቃ መጫኛውን ከፈቱ። አካፋ፣ የዓሣ መንጠቆ፣ ግማሽ የጎደለ የጨው ባልዲ።

አጎት፦ ይህንንም ንገሪኝ እንግዲህ። ክረምቱን ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ጨው የምበትነው እኔ ነኝ። አሮጊቶቹ እንዳይወድቁ።

ልጅት፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አምስት ጋሎን ውሃ ለዘለቄታው ያበላሻል። ጨው አይተንም፣ አይበሰብስም፤ ሐይቅ ሥር ይቀመጣል። በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው በዓመት 365,000 ቶን ገደማ ይበተናል።

አጎት፦ አሞሌ ገንዘብ የነበረበት አገር ልጅ፣ ጨው እንደ ገለባ ስበትን ኖርኩ።

ልጅት፦ አሮጊቶቹማ መውደቅ የለባቸውም። መጀመሪያ አካፋውን፣ ከዚያ ጥቂት ጨው። በእፍኝ እንጂ በባልዲ አይደለም። ደግሞ በጣም ሲበርድ ጨው እንደማይሠራ ያውቃሉ?

አጎት፦ ከዜሮ ፋራናይት በታች ምን እንደሚሠራ አንድዬ ያውቃል፤ እኔ ግን እበትናለሁ። ልማድ ነው። እሺ፣ የእኔን ኃጢአት ቆጠርሽ። መንግሥትስ? ይህን ሁሉ የሚያውቅ መንግሥት ምን አደረገ?

ልጅት፦ አደረገ፤ ዘግይቶ ቢሆንም። በ1976 ገዢው ዌንደል አንደርሰን በትእዛዝ ይህን ወንዝ “ወሳኝ ቀጠና” ብለው ከለሉት። ከዴይተን እስከ ሄስቲንግስ ወዲያ፣ 72 ማይል። በ1979 ቋሚ ሆነ። በ1988 ደግሞ ፌዴራሉ ይህንኑ ርዝመት ብሔራዊ የወንዝ መናፈሻ አደረገው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ደንብ በ2017 መባቻ ላይ ነው የጸናው። እንደየሰፈሩ ዓይነት ከገደሉ አፋፍ 40 ወይም 100 ጫማ ርቀህ ሥራ፣ ሕንፃህ ከዚህ ቁመት አይለፍ፣ ዛፉን አትመንጥር ይላል።

አጎት፦ ባሕር ለሌለው አገር ይህን ያህል የዳርቻ ሕግ!

ልጅት፦ የባሕር ዳርቻ ሕጉ ራሱ የ1972 ነው። ሚኒሶታ ባሕር ባይኖራትም ሱፒሪየር ሐይቅን ይዛ በ1999 ገብታበታለች። ይህ ወንዝ ግን በዚያ አይደለም የሚተዳደረው፤ በዚህ በራሱ ደንብ ነው።

አጎት፦ እኛ ደግሞ ባሕሩን በ1985 ዓ.ም አጥተን ሕጉን ከሌላ አገር ወንዝ ላይ እንማራለን። እሺ፣ አንድ ነገር መልሺልኝ፤ ሳታድበሰብሺ። ያ ደንብ የመጣው ሜክሲኮዎቹ ከተነሡ፣ ጣሊያኖቹ ከተነሡ በኋላ ነው። አሁን እኛ ርካሽ አዳራሽ ስናገኝ “ወንዙ መኝታ ያስፈልገዋል” ትይኛለሽ። ማዶ ያለው አፓርታማስ? እሱ የተሠራው ይህ ቀጠና ከተከለለ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የእኛ ተራ ሲደርስ ነው ወንዙ የሚተኛው?

ልጅት፦ …ልክ ነዎት።

አጎት፦ ልክ ነዎት አይበቃኝም።

ልጅት፦ ምን ልበልዎ? ደንቡ የሚከለክለው አዲስ ግንባታን ነው፤ አፈር ሞልቶ ከፍ ለማድረግ ገንዘብ ያለው መንገድ ያገኛል። የሌለው ግንብ ሥር ገብቶ ዕጣ ይጠብቃል። እኔ መሥሪያ ቤት ሆኜ የምለካው ውሃውን ነው፤ ማን ተነሥቶ ማን እንደተተከለ የሚለካበት ዕቃ የለንም። ግን አንድ ነገር ላንሣ። ግንብ ካለ ካርታው ላይ መሬቱ ደረቅ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ባንኩም የጎርፍ መድን ግድ ላይል ይችላል። ግንቡ ከታሰበለት በላይ የመጣ ቀን መጋዘኑ እንዳልነበረ ይሆናል፤ ካሣውም የለም። ያኔ የሚጎዳው የእድሩ መዋጮ ነው፤ ለለቅሶ ተብሎ በየወሩ የተዋጣው ገንዘብ።

አጎት፦ የመበለቶቹ ገንዘብ።

ልጅት፦ አዎ። ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉ ከወንዙ ስንት ጫማ ከፍ እንደሚል ይጠየቅ። ግንቡ እስከ ስንት እንደሚችል ይጠየቅ። ከሥር ምን እንደተቀበረ ደግሞ አፈሩ ይመርመር። ሻጩ የማይመልሳቸው ከሆነ መልሱ እሱ ነው።

አጎት፦ ይህን ሁሉ ጠይቀን ኮረብታው ላይ በእጥፍ ዋጋ ብንገዛ፣ እዚህኛውን ማን ይገዛዋል?

ልጅት፦ ሌላ ስደተኛ ይሆናል። ወይ ዶላሩ የማያሳስበው።

አጎት፦ ወይ ወንዙ ይግዛው።

ልጅት፦ እሱ እንኳ በሊሊዴል ሆኗል። ከ1965ቱ ሙላት በኋላ ቤቶቹ ቀስ በቀስ ተነሥተው ዛሬ መናፈሻ ነው፤ ውሃው ሲመጣ ይተኛበታል። ቤታቸውን የተነጠቁት ግን ደስ ብሏቸው አልሄዱም።

ወደ መጋዘኑ በእግር ሄድን፤ ሻጩ በአሥር ሰዓት እመጣለሁ ብሎ ነበር፤ በፈረንጅ። መንገዱ ዳርና ዳር መጋዘን ብቻ ነው፤ ግራጫ ቆርቆሮ፣ የጭነት በር፣ ቁጥር። ጋሼ በየበሩ ፊት ቀስ እያሉ፣ ቆም እያሉ ይሄዱ ነበር። የሚፈልጉትን በር የዘነጉ መሰለኝ።

ልጅት፦ ጋሼ፣ የእኛው ያኛው ነው፤ አልፈነዋል።

አጎት፦ እሱን አይደለም የምፈልገው። ያ ባልደረባዬ የሚያሳየኝን ነው። እዚህ ጋ ነበር… ወይ ያ በወዲያ ያለው። ሁሉም አንድ ይመስላሉ። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም።